ብልቃጦቹ ሊቃጠሉ የነበረበት ቅዳሜ

ኔጻይን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የገዛ ስሟ ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የኅዳር የመጀመሪያ ዝናብ አባርቶ ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። በዚያ ቤት ጩኸትን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ጆሮ የሚቆመው ድምፅ ዝቅ ሲል ነው።

«ነቢዩ በአሥር ሰዓት ይመጣል» አሉ ቴቴ ኤመሪያና፣ የሟች አባቷ እህት። «ብልቃጦቹን በሙሉ ግቢ አውጥቶ ይጸልይባቸዋል፤ ከዚያ ይቃጠላሉ። እሷ እንዳትሰማ። ከሰማች ታሸሻቸዋለች።»

«ጉንዳን እኮ ነው ቴቴ» አለ የኔጻይ ታናሽ ወንድም ፊቢዮን፣ በደከመ ድምፅ።

«ጉንዳን! ጉንዳን ከመቼ ወዲህ ነው በብልቃጥ ታሽጎ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው? ሚስትህ አምስት ወር የተሸከመችው ጽንስ በጥቅምት ጨነገፈ። ከግድግዳዋ ማዶ ደግሞ ምን አለ? በጨለማ የሚኖር፣ የማይበላ፣ እንቁላል ብቻ የሚጥል ነገር። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

የፊቢዮን ሚስት ላቭነስም እዚያው እንደነበረች ኔጻይ ታውቃለች፤ ማማሰያው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ይሰማታል። የሚወራው ስለ እሷ ልጅና ስለ እሷ ማኅፀን ነው፤ ማማሰያው ግን አንዴም አላቆመም።

ኔጻይ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ክፍሏ አራት እርምጃ በሦስት ናት፤ አባቷ በሕይወት ሳለ ለዕቃ ብሎ ከዋናው ቤት ጎን የለጠፋት፣ ሲሞትም «ኔጻይ ትኑርባት» ብሎ የተናዘዘላት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጭ የሥራ ካፖርት፣ በሩ አልገጥም ያለ ቁምሳጥን። የቁምሳጥኑ የታችኛው መደርደሪያ በቀይ ጨርቅ ተጋርዷል። ጉንዳን ቀይ ብርሃን አያይም፤ ቀይ ጨርቅ ሲጋረድበት ጨለማ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ለቴቴ ኤመሪያና ግን ቀይ ጨርቅ የጠንቋይ ቤት መጋረጃ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ኔጻይ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። አሥራ ሰባቱ ብልቃጦች ተጋድመው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ግርጌ ውሃ አለ፤ ውሃው በጥጥ ተወትፏል፤ ከጥጡ ወዲህ አንዲት ንግሥት ጉንዳን ብቻዋን ወይም ከጥቂት ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች፤ አፉ በሌላ ጥጥ ተዘግቷል። ንግሥቲቱ ከተዳረች በኋላ ክንፏን በገዛ እግሯ ነቅላ ትጥላለች። ከዚያ የሚያበላት አትፈልግም፤ ክንፏን ያንቀሳቅስ የነበረውን ሥጋ ከውስጧ እያሟሟች የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች። የሚያስፈልጋት ጨለማ፣ እርጥበትና የማይነካካት ሰው ብቻ ነው።

በየብልቃጡ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ኩዋድዛና፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ካፊያ» ይላል አንዱ። ከሥሩ የወገኗ፣ የጉንዳን ዝርያዋ ስም ይጻፋል። ስሙን ማግኘት ቀላል አይደለም። ወገቧ ላይ አንድ ጉብታ ያላት ከአንድ ቤት ናት፣ ሁለት ያላት ከሌላ፤ የአንቴናዋ አንጓ ይቆጠራል፤ የጀርባዋ ፀጉር በማጉያ መነጽር ይታያል፤ የበረረችበት ሰዓት ሳይቀር ምስክር ነው። ኔጻይ በስልኳ ላይ ጉንዳን የሚያሳድጉ አርባ ምናምን ሰዎች ያሉበት ማኅበር አላት፤ ከሐራሬም ከቡላዋዮም፤ ፎቶ ይላላካሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ። አንዷን ንግሥት ግን ከመካከላቸው ማንም አሳድጎ አያውቅም፤ ጻምባራፉታን። ሀገሩ ሁሉ በዝናብ መግቢያ እየለቀመ በጨው ጠብሶ የሚበላትን፣ የአውራ ጣት አንጓ የምታህለውን ወፍራሟን። ስትበር ከእናቷ ቤት ጥቃቅን ሠራተኞችን እግሯ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፣ ያለ እነሱ ልጆቿን ማጉረስ አትችልም ይባላል። ይባላል እንጂ ከማኅበሩ ያየ የለም። ኔጻይ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈልጋ በየዓመቱ እግራቸው ባዶ የሆነ ይዛለች፤ ሁሉም በወር በሁለት ወር ሞተውባታል።

ብልቃጦቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መውጣት ትችል ነበር። አሥራ ሰባት ብልቃጥ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ግን ካሸሸቻቸው ነቢዩ የሚያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ደግሞ ለቴቴ ከሙሉው ይልቅ ይመሰክራል። በኩዋድዛና አንዴ ጠንቋይ የተባለች ሴት ስሟ ገበያም ለቅሶም ይከተላታል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቢያንስ ሌላ ሠላሳ ዓመት መኖር ታስባለች። ካፖርቷን ከሚስማሩ አወረደች። ክፍሏን በጓጉንቸር ቆለፈችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ገንፎው በለውዝ ቅቤ ተሠርቷል። ቴቴ በትልቁ ወንበር ላይ ናቸው፤ ፊቢዮን ጠረጴዛው ጥግ፤ ላቭነስ ቆማ ትበላለች፤ ከጥቅምት ወዲህ ቁጭ ብላ ስትበላ ማንም አላያትም።

«ደኅና አደርሽ ልጄ?»

«እርስዎ ደኅና ካደሩ እኔም ደኅና አድሬያለሁ።»

«ጥሩ ዝናብ ነው የጣለው።»

«ጥሩ ነው።»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ቶሎ ትመለሻለሽ ወይስ ታመሻለሽ?» አሉ ቴቴ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

«ስምንት ሰዓት እወጣለሁ» አለች ኔጻይ፤ ቀና ብላ ወንድሟን እያየች። «አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ። አሥር ሰዓት አያልፈኝም።»

የፊቢዮን ማንኪያ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቴቴ ሻያቸውን ፉት አሉ። የገንፎ ሰሃኖች ተነካኩ። ላቭነስ የኔጻይን ሰሃን ስታነሣ እጇ ትንሽ ዘገየ፤ የሆነ ነገር ልትል የፈለገች መሰለ፤ ከዚያ ወደ ማጠቢያው ዞረች።

ኔጻይ የምትሠራው መሃል ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ደም ትቀዳለች፣ ትመዘግባለች፣ ታጥባለች። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ብልቃጦች ሳይጣሉ የሚሰጧት አለቃዋ አቶ ሙሻኒንጋ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ክራቫታቸው ከካፖርታቸው የሚረዝም። ቅዳሜ ሰው ስለማይበዛ በስድስት ሰዓት ገደማ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ነበር።

«አቶ ሙሻኒንጋ፣ ያንን አሮጌ ማይክሮስኮፕ ለዛሬና ለነገ ያውሱኝ።»

«የቱን? ከሥሩ መስታወት ያለውን? እሱ እኮ ከእኔ ጋር ነው ጡረታ የሚወጣው።»

«ቤተሰቦቼ ጉንዳኖቼን ሊያቃጥሏቸው ነው። ከማቃጠላቸው በፊት እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ነቢይ አለበት?»

«አለበት።»

«በማይክሮስኮፕ ከነቢይ ጋር የተሟገተ ሰው እኔ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

አቶ ሙሻኒንጋ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሳቃቸው ቆመ። ተነሥተው ከመጋዘኑ መሣሪያውን አመጡ፤ አቧራውን በክራቫታቸው ጠረጉ፤ ኤሌክትሪክ እንደማይፈልግ፣ መስታወቱን ወደ ፀሐይ ማዞር ብቻ እንደሚበቃ፣ እሷ የምታውቀውን ሁሉ ደግመው ነገሯት። በራሳቸው ካፖርት ጠቀለሉላት። «ከሰበርሽው ወንድምሽን ነው የምወስደው። ግቢ ይጠርግልኛል።»

ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ረዳቱ አንድ ዶላሯን ተቀብሎ ጥቅሉን በጣቱ ጠቆመ። «እሱስ? ሕፃን ነው?»

«ብረት ነው።»

«ብረት ከሆነ ይከፍላል። ሕፃን ቢሆን በነጻ ነበር።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ኔጻይም ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ግን አልከፈለችም። ከመስኮቱ ውጭ ፀሐይ ወጥታ እርጥቡ መሬት ይጨሳል። ኩዋድዛና መግቢያ ላይ ገና ሳይደርሱ ሰዎች ባርኔጣቸውን ይዘው ሲሯሯጡ አየች፤ ነጠላ ጫማ ተጫምተው የሚዘሉ፣ በመጥረጊያ አየሩን የሚመቱ፣ ሥራቸውን ጥለው የወጡ መካኒኮች። ጻምባራፉታ ወጥቷል። በዓመት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን የሚሆን ነገር ነው፤ ዛሬ መሆኑ ነበር። ስልኳን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ከቤቷ ሁለት ፌርማታ ቀድማ «ወራጅ!» አለች።

መንገዱ ዳር፣ ከአንድ አሮጌ ኩይሳ አጠገብ፣ ቲማቲም የምትሸጥ ወፍራም ሴት ቲማቲሟን ገፋ አድርጋ ሳፋ ሙሉ ጻምባራፉታ አቅርባለች። አንድ ኩባያ አንድ ዶላር። ክንፋቸው ተነቅሏል፤ ብዙዎቹም እግራቸው ተሰባብሯል፤ በጭንቅ ይላወሳሉ። ኔጻይ ጎንበስ ብላ ሳፋውን ስትመረምር ሴትዮዋ ታዘበቻት።

«ምን ትፈልጊያለሽ? ሁሉም አንድ ነው።»

«እግሩ ያልተነካ።»

«እኅቴ፣ መጥበሻ ላይ እግር ምን ያደርጋል?»

«ልጠብሳቸው አይደለም።»

«ታዲያ ልታገቢያቸው ነው?»

ሴትዮዋ በራሷ ቀልድ እየተንፈቀፈቀች ሳለ አንዲት ንግሥት ከላይ እየከበደች ወርዳ የቲማቲሙ ጥላ ጨርቅ ላይ አረፈች። የሴትዮዋ እጅ ቶሎ ተዘረጋ፤ የኔጻይ እጅ ግን ቀደመ፤ አልያዛትም፣ ከለላት እንጂ። ሌላኛው እጇ ከካፖርቷ ኪስ ብልቃጥ አወጣ። ብልቃጡን ከንግሥቲቱ ፊት ደቀነችና ጠበቀች። መግፋት የለም፣ መንካት የለም፤ ሰው በጣቱ ሲይዛቸው ነው እግራቸው ላይ ያለው ሁሉ የሚረግፈው። ንግሥቲቱ ጨርቁ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፤ አንቴናዋን ወደ ብልቃጡ ከንፈር ዘረጋች፤ ገባች። ኔጻይ ጥጡን ወተፈች።

«አንድ ዶላር» አለች ሴትዮዋ።

«ለአንዷ?»

«የእኔ ጥላ ላይ ነው ያረፈችው።»

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ኔጻይ ከፍላ፣ ከኩይሳው ጥቂት አፈር ዝቃ ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራ፣ ማይክሮስኮፑን ታቅፋ፣ ብልቃጡን በጡት መያዣዋ ሰክታ መሮጥ ጀመረች፤ ምን እንደያዘች ለማየት ጊዜ አልነበራትም።

የግቢው በር ተከፍቷል። ከጎረቤት አጥር በላይ አምስት ስድስት ጭንቅላት ይታያል። ማንጎው ሥር ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ራሱን የተላጨ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰው በወጥ ቤቱ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነቢይ ኤልያኪም። ቴቴ ኤመሪያና ከእሱ ፈንጠር ብለው፣ ከሰል ላይ፣ ጎረቤት ያመጣላቸውን ጻምባራፉታ ይጠብሳሉ። ጠረጴዛውም ወጥቶ ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በላዩ ቀዩ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጨርቁ ላይ አሥራ ሰባቱ ብልቃጦች ያበራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ወረቀትና ጭራሮ ተከምሯል።

ኔጻይ ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። ማይክሮስኮፑን መሬት አስቀምጣ ብልቃጦቹን አፍሳ ወደ ግድግዳው ጥላ ወሰደቻቸው፤ ውሃቸው ሞቋል። አንድ በአንድ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከንግሥቶቹ ሁለቱ እግራቸውን ሰብስበው ተገልብጠዋል። አንደኛዋ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የያዘቻት ናት፤ ሃያ ልጆች ነበሯት፤ ልጆቿም አብረው አልቀዋል። ኔጻይ ቀና አለች።

«ቁልፌን ማን ሰበረው?»

ፊቢዮን ጫማውን ያይ ነበር።

«ልጄ፣ ተረጋጊ» አለ ነቢዩ፤ ድምፁ ያልጠበቀችውን ያህል ለስላሳ ነው። «እኔ አንቺን ልከስ አልመጣሁም። በዚህ ቤት ደም የሚጠጣ ነገር አለ ብለው ጠሩኝ። ካለ እናቃጥለዋለን፤ ከሌለም መቃጠሉ አይጎዳም።»

«ይጎዳል» አለች ኔጻይ። «ሁለቱ ከአሁኑ ሞተዋል። ላቃጥል ካሉ ጠንካራ ነዎት፣ እኔ አንድ ሴት ነኝ፣ አልከለክልዎትም። ግን አይተው ነው የሚያቃጥሉት። ሳያዩ አይሆንም።» ካፖርቱን ፈትታ ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤ መስታወቱን ወደ ምዕራብ አዞረች። ከአጥሩ በላይ ጭንቅላቶቹ ጨመሩ።

«ይኸው ደግሞ መድፍ አመጣች!» አሉ ቴቴ።

«ቴቴ፣ መጥበሻዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጻምባራፉታ ነዋ፤ ዓይን የለሽም?»

ኔጻይ አዲሱን ብልቃጥ ከደረቷ አውጥታ አነሣችው። «ይቺስ?»

ቴቴ አፍጥጠው አዩ። አጥሩ ላይ አንዱ ሳቀ። «ብበላው ምን አለበት?» አሉ፤ ለመሸነፍ የተፈጠሩ ሴት አልነበሩም። «መብላትና ማሳደግ አንድ ነው እንዴ? ዓሣም እበላለሁ፤ አልጋዬ ሥር ግን አላስተኛውም!» አጥሩ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ነቢዩ እንኳ ጢሙን በእጁ ሸፈነ።

ኔጻይ አልሳቀችም። ብልቃጡን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ሥር አጋድማ ወደ ኋላ አለች። «ይምጡና ይዩ» አለችው ነቢዩን። ነቢዩ ዓይኑ ደካማ መሆኑን ነገራት። ወደ ፊቢዮን ዞረች፤ ፊቢዮን እኔ አላይም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ላቭነስ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ወጣች።

«እኔ ልይ።»

«አንቺ አትጠጊ!» ቴቴ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። «በአንቺ ላይ እኮ ነው የመጣው!»

ላቭነስ አልተመለሰችም። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ጎንበስ አለች፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ከሰሉ ላይ ዘይቱ ይንጣጣል። ኔጻይ አጠገቧ ቆማ ትንፋሿን ትሰማለች።

«እግሯ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

«አፈር ይሆናል።»

«አፈር አይንቀሳቀስም።» ላቭነስ ጣቷን በአየር ላይ አንቀሳቀሰች፤ ትቆጥር ነበር። «ቢጫ ናቸው። አራት… እዚህ ደግሞ ሦስት። የእግሯን ፀጉር ነክሰው ተንጠልጥለዋል፣ እትዬ። ምንድን ናቸው? ጉንዳኖች ናቸው!»

ላቭነስ ቦታውን እስክትለቅላት ኔጻይ አልጠበቀችም፤ ትከሻዋን በትከሻዋ ገፍታ አየች። ከሥር በሚመጣው ብርሃን የንግሥቲቱ እግር እንደ ግንድ ጠቁሮ ይታያል፤ የግርጌው ፀጉር እንደ መጥረጊያ የታጨቀ ነው፤ በፀጉሩ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ዓይን የሌላቸው፣ ብርሃን የሚያልፍባቸው ትናንሽ ሠራተኞች ጥርሳቸውን ነክሰው ይዘዋል። አንዷ እግሯን አወራጨች። ኔጻይ ነቢዩንም፣ አጥሩንም፣ ጭራሮውንም ለአፍታ ረሳቻቸው። «ሦስት ዓመት» አለች፤ ለማን እንዳለች አታውቅም።

«ይኸው!» አሉ ቴቴ። «በአፏ መሰከረች! ልጆች ተሸክማለች! የላቭነስ ልጅ የት እንደገባ አያችሁ? አያችሁ ወይ?»

ላቭነስ ቀና አለች። ስትናገር ድምፅዋን አላነሣችም።

«ቴቴ፣ ልጄ የት እንደገባች እርስዎ ያውቃሉ።»

«ምን አልሽ?»

«ሰኞ ነው ደም የጀመረኝ። ነገርኩዎት። ክሊኒክ የሚሮጡት ሥራ ፈት ሚስቶች ናቸው አሉኝ፤ ሥር ቀቅለው አጠጡኝ። ፊቢዮን፣ ለአንተም ነገርኩህ። ቴቴ የግማሽ መንደሩን ልጅ አዋልደዋል፣ እሳቸው ያውቃሉ አልከኝ። ማክሰኞ እንደዚያው። ረቡዕ ውሃ ቅጂ ተባልኩ፤ ሁለት ሁለት ባልዲ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሐሙስ እትዬ ኔጻይ ከሥራ ስትመለስ ወለሉ ላይ አገኘችኝ፤ ታክሲ ጠርታ ወሰደችኝ። ነርሷ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ስትል፣ ዛሬ ነው የጀመረኝ ብዬ ዋሸሁ። ባሌ እንዳያፍር ብዬ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እትዬም ስለዚህ አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ልናገርም አላሰብኩም ነበር። በጉንዳን ልታሳብቡ ነው ካላችሁ ግን አልችልም። እሷ ናት ያነሣችኝ፤ የእሷን ነገር ልታቃጥሉ ነው እንዴ?»

ከመጥበሻው የማረር ሽታ መጣ፤ ማንም አላነሣውም። ኔጻይ ያን ሐሙስ አስታወሰች፤ ነርሷ ስትጠይቅ ላቭነስ እጇን እንዴት አጥብቃ ይዛት እንደነበር፤ በሕመም መስሏት ነበር። ፊቢዮን ማንጎው ሥር ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሥሩን የቀቀለው ማን ነው?» አለ ነቢዩ።

«እኔ… በእኛ ዘመን እኮ…» ቴቴ ኤመሪያና ማማሰያቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉ። «እኔ ስድስት ወልጃለሁ! ሐኪም ሳላይ!»

ነቢዩ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። ጭራሮውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ወደ ማይክሮስኮፑ ሄዶ፣ ዓይኑ ደካማ ነው ያለው ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቂት አየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። ፊቢዮን ሊከፍለው ኪሱን ሲዳብስ በእጁ ከለከለው። «ከሚስትህ ጋር ታረቅ። ለዚህ እኔ አላስፈልግህም።» በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ኔጻይ ዞረ። «ቀዩን ጨርቅ ግን ቀይሪው ልጄ። ሰው ያስደነግጣል።»

«አልቀይረውም» አለች ኔጻይ። «ለእነሱ ጨለማ ነው።»

ነቢዩ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። አጥሩ ላይ የነበሩት ጭንቅላቶች አንድ በአንድ ወረዱ። ቴቴ የተቃጠለውን ጻምባራፉታ ማንጎው ሥር ደፍተው፣ ሴቶቹ ተባብረው አዋረዱኝ፣ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሀገሬ እገባለሁ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ይቅርታ አላሉም፤ ማንም ግን ይቆዩ አላላቸውም። ከውስጥ የሻንጣቸው ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። ፊቢዮን ተነሥቶ ጠረጴዛው ጋ መጣ።

«እትዬ፣ ቁልፉን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አዲስ ትገዛልኛለህ፤ ጥሩውን። አሁን ግን እኔን ተወኝ። ያቺ ናት የምትጠብቅህ።»

ላቭነስ ግን ስትጠብቀው አልነበረም። ማይክሮስኮፑን አቅፋ ወደ ኔጻይ ክፍል ይዛው እየገባች ነበር። ፊቢዮን ተከትሏት ደጃፉ ድረስ ሄደ፤ የተሰበረውን ጓጉንቸር በጣቱ ነካካው። «ላቭነስ» አለ። «ማታ እንነጋገራለን» አለችው፤ ሳትዞር። ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ባዶውን ባልዲ አንሥቶ ከግቢ ወጣ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኔጻይ የሞቱትን ሁለቱን በአንድ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ለየች፤ ወገናቸው በትክክል እንዲታወቅ በአልኮል ታስቀምጣቸዋለች። የተረፉትን አሥራ አምስቱን መልሳ ደረደረች። ለአዲሷ ንግሥት ብልቃጥ አይሆናትም፤ ከኩይሳው ያመጣችው አፈር ነበራት፤ በሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አርጥባ ጠቀጠቀችውና በማንኪያ ጫፍ ጉድጓድ አበጀችለት። ብልቃጡን ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደመች። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ተቀምጠው ንግሥቲቱ ሰባት ሠራተኞቿን እንዳንጠለጠለች አፈሩን እየቀመሰች ስትገባ አዩ።

«ትኖራለች?» አለች ላቭነስ።

«አላውቅም። እስካሁን የያዝናቸው በሙሉ ሞተዋል። ይቺ ግን ብቻዋን አይደለችም። ወር ሁለት ወር ሳንነካት እንጠብቃለን።»

«እንጠብቃለን።»

ኔጻይ ወረቀት ቀደደች። ቦታውን ጻፈች፤ ሰዓቱን፣ ከዝናብ በኋላ መሆኑን፣ የሠራተኞቹን ቁጥር። «የያዘው» ከሚለው ፊት የራሷን ስም አኖረች። ከሥሩ «መጀመሪያ ያየው» ብላ ጽፋ ብዕሩን አቆመች።

«ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።»

«ላቭነስ ብለሽ ጻፊው።»

«ሙሉ ስም ነው የሚጻፈው። ይህንን ብዙ ሰው ይጠይቀናል፤ ሙዚየሙም ሳይቀር። አንቺ ነሽ ያየሽው፤ እኔ አፈር ነው ብዬ ነበር።»

ላቭነስ በዚያ ቤት ካገባች ጀምሮ ምራት ነበረች፤ ሆዷ ሲገፋ ጎረቤቶች የእከሊት እናት ሊሏት ጀምረው ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ምን ብለው እንደሚጠሯት ግራ ገብቷቸው በምልክት ነው የሚያናግሯት። የሽርጧን ጫፍ አጣጠፈች፣ ዘረጋች።

«ላቭነስ ቺፖንዳ» አለች። «ላቭነስ ማጊ ቺፖንዳ። ማጊ የእናቴ ናት።»

ኔጻይ ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረችው። ላቭነስ ተጠግታ እያንዳንዱን ፊደል አነበበች።

«ቀኑንም ጻፊበት» አለች።